የማክሰኞ ፀሐይ

ፀሐይ እንደ መብራት በፈረቃ መታደል ከጀመረች ወዲህ፣ የወይዘሮ የሻረግ ሰፈር ተራ ማክሰኞ ነው። በዚያ ማክሰኞ ግን የሰማዩ መጋረጃ ሳይገለጥ ዋለ፤ ፀሐይዋ ለስታዲየም ምረቃ ተሰጠች ተባለ።

ልጃቸው ብርቄ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች።

«እማዬ፣ በፀሐይ የሚሠራው የትምህርት ቤታችን የእንቁላል መፈልፈያ ባትሪው አለቀ! ጫጩቶቻችን ሊሞቱ ነው!»

በርበሬያቸው ሳይደርቅ ሲሻግት እንኳ ለጎረቤት ከማጉረምረም አልፈው የማያውቁት ወይዘሮ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። ትምህርት ቤት ሄደው እንቁላሎቹን ጉያቸው ውስጥ ሸጎጡ፤ ከዚያም ቀበሌ ገብተው የሊቀመንበሩ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«እትዬ የሻረግ፣ ምን ሆነው ነው?» አለ ሊቀመንበሩ ደንግጦ።

«ታቅፌያለሁ! የቀማችሁንን ፀሐይ እስክትመልሱ የምነሣ እንዳይመስልህ። አሁን በሩን ዝጋ፤ ብርድ አስገባህባቸው!»