አረንጓዴው ጭስ

ማማ ካድዞ በሞምባሳው ሆቴል መታጠቢያ ቤት፣ በረኪና የሞላ ባልዲ ላይ የአሲዱን ጠርሙስ ስታዘነብል የጽዳት ባልደረባዋ ዙሁራ ከስልኳ ቀና አለች። አነጣጥሮ የመተኮስ ጨዋታ ነበር የያዘችው፤ አሲድ በረኪና ላይ በተኮሰች ቁጥር ስክሪኑን አረንጓዴ ጭስ ይውጠውና «ሞተሻል» ይላታል።

«ማማ፣ እንዳይቀላቅሉት! መርዝ ነው!»

«ወግጂ! ሁለቱ ሲገናኙ ሰድሩ ወተት ይመስላል ተብያለሁ። አንቺ ጨዋታሽ ላይ አፍጥጪ።»

ዙሁራ አነጣጥራ ስልኩን ወረወረች። ጠርሙሱ ከማማ ካድዞ እጅ ተፈናጥሮ ወደቀ፤ ስልኩ ባልዲው ውስጥ ሰጠመ። ቀድማ የተንጠባጠበችው አሲድ ግን ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ አስነሳች፤ ሁለቱም እየሳሉ ወደ ኮሪደሩ ሮጡ።

የማማ ካድዞ ዓይን ፈጠጠ። «ልጄን... ካድዞን ዛሬ የቤታችንን ሽንት ቤት ሁለቱን ቀላቅለሽ እጠቢ ብያት ነው የወጣሁት። ስልክሽን! ቶሎ በይ ስልክሽን!»

ዙሁራ ባዶ መዳፏን አየች።