ከቃሬዛው ሥር

ባለፈው የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ጮሌ ከተማ፣ በእናቱ ቀብር ላይ፣ አጎቱ ኃይለየሱስ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት «ዞር በል፣ ለሚችል ልቀቅ» ብሎ ከቃሬዛው ሥር አስወጣው። ቃሉ እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣም። ዓመታት ያሠቃየው ትከሻው አልታዘዝ ብሎት፣ እናቱን ባዕድ ተሸክሟት ሄደ። የአሰላው ሐኪም ቤት ቀጠሮ የደረሰለት እሷ ከተቀበረች በኋላ ነበር።

ጡንቻ የሚያላላውን መርፌ ከተወጋ ሰንብቷል። ዛሬ ሐኪሟ «እስቲ ያንሱት» ስትለው ክንዱ ያለ ሕመም ከራሱ በላይ ወጣ። መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ፣ የቃሬዛ እንጨት የያዘ ይመስል፣ እንደዚያው ቆየ።

«ይኸው ጋሼ፣ አሁንማ በሬም ይሸከማሉ» አለችው እየሳቀች። «መጀመሪያ ማንን ሊሸከሙ ነው?»

ክንዱን ቀስ ብሎ አወረደ። ጋቢውን ለበሰና ወጣ።