ሁለተኛው ዓይን

ነርሷ ጓንት ያጠለቀ ጣቷን በስኳር ውሃ ነክራ ሕፃኑን አጠባችው። ያለጊዜው የተወለደ ነው፤ በጨርቅ ተጠቅልሎም ከክንዷ አይረዝም። የዓይን ሐኪሙ ሊመረምረው የአንድ ዓይኑን ቆብ በቀጭን ሽቦ ሲከፍት ሕፃኑ ተንሰፈሰፈ፤ ግን ጣቷን ሙጭጭ አለባት እንጂ አላለቀሰም። ከማለዳ ጀምራ ቆማለች፤ ወገቧ የሷ አልመስል ብሏታል። ጥግ ላይ ያለችውን ወንበር በዓይኗ ስትለምን «አንዱ አለቀ» አለ ሐኪሙ።

በሩ ተበረገደ። እናትየዋ ነበረች። «ልጄ ምን ሆነ? ዓይኑን እየነካችሁት እንዴት ዝም ይላል?» ነርሷ ልትቆጣ አሰበች፤ ግን ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል። «ደህና ነው የኔ እህት። ስኳሩን ይዞ ነው ዝም ያለው። ይልቅ እጅሽን ታጠቢና ጓንት አድርጊ፤ ለቀሪው ዓይን ያንቺ ጣት ይሻለዋል።»

ሐኪሙ ሁለተኛውን ዓይን ሲከፍት እናትየዋ ጣቷ በልጇ አፍ ውስጥ እንዳለ ደርቃ ቀረች። ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ ወተቷን የሚያገኘው በአፍንጫው በገባው ቱቦ ነው፤ ጡቷን አንድም ቀን ይዞላት አያውቅም። «ይጠባል እንዴ?» አለች በሹክሹክታ። «እንዴት አድርጎ እንደሚስበኝ ብታዪ!» ሐኪሙ መብራቱን አጠፋ። «አለቀ፤ ጣትሽን አውጪው» አላት። አልሰማችውም። ነርሷ ወደ ጥጉ ሄደች፤ ከማለዳ ጀምራ ስትመኛት የዋለችውን ወንበር እየጎተተች አመጣችና ከእናትየዋ ኋላ አስቀመጠችላት።