የትኛው ሪህ ነው?

ጎፋ ሰፈራቸው ውስጥ በሱዚ ዝላይ ዝማሬን የሚያሸንፍ ልጅ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ግን ጠዋት ጠዋት ጉልበቷ አልታጠፍ እያላት ግድግዳ ይዛ መሄድ ጀመረች።

ሰፈሩ ወዲያው መረመራት። አንዷ «ብርድ ነው» አለች፤ ሌላዋ «እያደገች ነው»። «ሪህ እንዳይሆን» ባለው ሰውዬማ ሁሉም ሳቀበት። ሪህ የሽማግሌ ነዋ!

አባቷ ሙሴ አልሳቀም። ሃይሌ ጋርመንት ያለውን የመጋረጃ ሱቁን ዘግቶ፣ ከሚስቱ ከፅጌረዳ ጋር ልጅቷን ይዞ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ሄደ።

«አባቷን ቁርጥ!» አለች ካርድ የምታወጣው ልጅ። ሙሴ ደስ ብሎት ሳቀ።

ዶክተር እድላዊት ጉልበቷን ዳሰሰች። እንደ ቋሊማ ያበጠ አንድ የእግር ጣትም አገኘች።

«የመገጣጠሚያ ብግነት፣ ሰው ሪህ የሚለው ነው፤ ልጆችንም ይይዛል» አለች። «ዓይነቱ ግን ብዙ ነው። ጥቂት መገጣጠሚያ ብቻ የሚነካ አለ፣ ብዙ የሚነካ አለ፣ ከትኩሳት ጋር የሚመጣ አለ፣ ከቆዳ በሽታ ጋር የሚመጣም አለ። ሕክምናውም ክትትሉም እንደ ዓይነቱ ነው። ከእናንተ መሀል ቆዳው እየቀላ የሚቀረፍ አለ?»

«የለም» አለ ሙሴ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«ጠዋት ወገቡን የሚይዘውስ?»

«የለም፣ የለም።»

«ስትወለድ ስንት ኪሎ ነበረች?»

ባልና ሚስት ተያዩ።

«ያው... ደህና ነበረች» አለች ፅጌረዳ።

ዶክተሯ የሙሴን ሸሚዝ አየች። በዚያ ሙቀት እጅጌው እስከ አንጓው ተቆልፏል።

«እስቲ እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ።»

ሰበሰበ። ክንዱ ንጹሕ ነው። ይሄኔ ፅጌረዳ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች፤ ዶክተሯም ወደ እሷ ዞረች።

«እንዲህ ያለ የቆዳ በሽታ አያሳፍርም፤ በንክኪም አይተላለፍም። ግን እናት ወይም አባት ላይ ካለ የልጅቷን የበሽታ ዓይነት ይለውጠዋል። እያወቃችሁ ከደበቃችሁኝ የምትጎዱት እሷን ነው!»

«ዝማሬዬ፣ እስቲ ውጪ ጠብቂን» አለች ፅጌረዳ።

ዝማሬ አልተነሳችም። የአባቷን እጅ ያዝ አደረገች።

«ዶክተር፣ አይቆጧቸው» አለች። «ማን እንደወለደኝ እነሱም አያውቁም።»