ወንድም ጋሼ የተባለው ዓሣ

«እርስዎ ይቅደሙ» አለ ሹንጂ፣ የበሩን መጋረጃ በእጁ ከፍ አድርጎ ይዞ።

ሪዮሄይ ጎንበስ ብሎ ገባ። «እርስዎ» የምትለዋ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅራለች። ስልሳ ዓመት ሙሉ «አንተ» ሲለው የኖረ የእናቱ ልጅ፣ ዛሬ እንደ መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ ያነጋግረዋል። ግን ማንን ይውቀስ? ከአራት ዓመት በፊት ሹንጂ ሳያማክረው በእናታቸው ጓሮ የነበረውን የመንደሪን ዛፍ በቆረጠ ጊዜ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም ጋሼ ብለህ እንዳትጠራኝ!» ብሎ በዘመድ አዝማድ ፊት የጮኸው ራሱ ነው። ሹንጂ ደግሞ ከልጅነቱ ያሉትን ቃል በቃል የሚፈጽም ግትር ነው። አትጥራኝ አሉት፣ አልጠራም። ትናንት ምሳ ልጋብዝዎ ብሎ ሲደውል እንኳ «አቶ ናጋኩራ» ነበር ያለው። ናጋኩራ እኮ የራሱም የቤተሰብ ስም ነው።

የሱሺ ቤቷ ስምንት ወንበር ብቻ ነው ያላት፤ እሑድ ቀትር ላይ ጢም ብላ ትሞላለች። ሁለቱ ወንድማማቾች ውጭ ተሰልፈው ግማሽ ሰዓት ሲጠብቁ ስለ ዝናብ ብቻ አወሩ። አሁን ባንኮኒው ፊት ተጠጋግተው ተቀመጡ። በአንድ ወገናቸው ሁለት የወደብ ሠራተኞች ቢራ ይዘው ይንጫጫሉ፤ በሌላው የፀጉር መጠቅለያዋን እንኳ ሳትፈታ የመጣች የሠፈር ሴት ተቀምጣለች። ሽማግሌው ሱሺ ሠሪ አለቃ ገንዞ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ሩዙን በመዳፉ ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ ያደርጋል። ሚስቱ ፉሚ ከማቀዝቀዣው ዓሣውን ታቀብለዋለች።

«ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?» አለ ሹንጂ።

«ደህና ነው። ያንተስ ደም ግፊት?»

«ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ።»

ጨዋታው እዚያው ላይ አለቀ። ደግነቱ ምግቡ ግሩም ነበር። ሩዙ ለብ ያለ ነው፤ ዓሣው አፍ ውስጥ ሲገባ ይሟሟል። ሪዮሄይ ከሆዱ በኩል ደስ አለው። ከልቡ በኩል ግን ገና ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ «ያኔ ያልኩህን እርሳው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ሲለማመድ ነው የመጣው። አንዴ ብቻ እንደ ድሮው ሲጠራው ቢሰማ፣ ሌላ ምንም አይፈልግም ነበር። አሁን ያቺ ዓረፍተ ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ትመለሳለች፤ ለታናሹ ይቅርታ መጠየቅን ማን አስተምሮት!

«ከኮሃዳ ዓሣው የትኛው ይምጣ?» አለች ፉሚ ከማቀዝቀዣው በኩል።

ሪዮሄይ በሐሳብ ስለተወሰደ አልሰማትም። አለቃ ገንዞ ከሩዙ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰ።

«ወንድም ጋሼ!»

«አቤት!» አለ ሪዮሄይ።

ስሙ እንደተጠራ ተማሪ ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ከወንበሩም ብድግ ብሏል። ከዚያ የወደብ ሠራተኞቹ በሳቅ ፈነዱ።

«ኧረ አባባ፣ ዓሣውን ነው እኮ!» አለች ሴትየዋ ዓይኗን እያበሰች።

«ይቅርታ፣ የእኛ የሙያ ቋንቋ ነው» አለ አለቃ ገንዞ። ሁለት የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ዓሦች አንስቶ አሳየው። «ይሄ ትናንት በጨውና በኮምጣጤ የታሸው፣ ወንድም ጋሼ ነው። ይሄ የዛሬ ጠዋቱ ደግሞ ታናሽየው። ወንድም ጋሼ ቀድሞ ገብቷል፣ ቀድሞ ይወጣል።»

«ካልወጣስ?» አለ አንዱ የወደብ ሠራተኛ።

«ካልወጣማ ይሸታል!»

ሳቁ እንደገና ተነሣ። ሪዮሄይ ጆሮው ድረስ ቀላ። አፈረ፤ ሮጦ ቢወጣ በወደደ ነበር።

«ወዴት ነው? ይቀመጡ እንጂ!» አለ አለቃ ገንዞ፣ የኮሃዳ ሱሺውን ፊቱ እያኖረ። «የሚጣፍጠው ደግሞ ወንድም ጋሼ ነው። ታናሹ ገና ጨው አልዘለቀውም፤ ሲበሉት ያንገራግራል።»

ሪዮሄይ ተቀመጠ፤ በላ። እውነትም ይጣፍጣል። በጎን ዓይኑ ሲያይ፣ በዚያ ሁሉ ሁካታ መሐል ያልሳቀ አንድ ሰው ሹንጂ ብቻ ነው። አቀርቅሮ ባዶ ሳህኑን ያያል።

«አቤት አሉ» አለ ሹንጂ ቀስ ብሎ።

«አልኩ።»

«ማን የጠራዎ መስሎዎት ነው?»

ሪዮሄይ አውቶቡስ ውስጥ የተለማመዳት ዓረፍተ ነገር ጠፋችበት። አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ።

«አንተ ነሃ። እንደዚያ የሚለኝ ሌላ ማን አለኝ?»

አለቃ ገንዞ ለሹንጂም ኮሃዳውን አኖረለት። ሹንጂ ሱሺውን በጣቶቹ አነሣ።

«ወንድም ጋሼ» አለ፣ ድምፁ ጥቂት ተሰብሮ፣ «እስቲ ሶያ ሶሱን አቀብለኝ።»

ጠርሙሱ ያለው በሹንጂ በራሱ ክርን ሥር ነው። ሪዮሄይ በወንድሙ ሳህን ላይ እጁን ዘርግቶ ጠርሙሱን አነሣና አቀበለው።