ለሀምዲያ የታሰበው ኩላሊት

«አጥንቱን ላንሳው» አሉ ዶክተር ለተገብርኤል። ማውሱን ጠቅ ሲያደርጉት የኢዘዲን ጎድን አጥንቶች ከስክሪኑ ላይ ብን ብለው ጠፉ።

ኢዘዲን ሳቀ። ጠዋት ሲቲ ስካኑ ውስጥ ተጋድሞ «ትንፋሽህን ያዝ፣ ልቀቅ» ሲባል ይህን አልጠበቀም። መሣሪያው ያነሣቸውን በመቶ የሚቆጠሩ ስስ ምስሎች ኮምፒውተሩ አንዱን ባንዱ ላይ ደርቦ ሰውነቱን እንደገና ሠርቶታል። ቆዳ የለ፣ አንጀት የለ፤ ቀይ የደም ሥሮችና በእነሱ ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ኩላሊቶች ብቻ።

«የትኛው ነው የሚሄደው ዶክተር?»

«የግራው። ቀዶ ጥገና ሐኪሞቹ ስንት ደም ሥር እንደሚገባበት ሳያውቁ አይነኩትም። ካርታውን የምንሰጣቸው እኛ ነን።»

«በስልኬ ላንሳው? እህቴ ኮሪደር ላይ ናት። ማለቴ፣ ዕቃው ከመድረሱ በፊት ትየው ብዬ ነው።»

ኢዘዲን መስቀል ፍላወር አካባቢ የመብራት ዕቃ ይሸጣል፤ የሚያወራውም ሁሉን ነገር እንደ ሱቁ ነው። ለታላቅ እህቱ ለሀምዲያ ኩላሊቱን ሊሰጥ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ ቀልድ አብዝቷል። አባታቸው ሲሞት ትምህርቷን ትታ፣ ሱቁን ከፍታ ያሳደገችው እሷ ናት። እጥበት ከጀመረች ጀምሮ ሰውነቷ እያለቀ ሲሄድ ቆሞ ማየት ሰልችቶታል።

ዶክተሯ ፈገግ ብለው ምስሉን አዞሩት። ከዚያ እጃቸው ቆመ።

አቀረቡት። አራቁት። ፕሮግራሙ ከሥጋው መሐል ውሃ ያዘለውን ሁሉ እንዲለይ አዘዙትና ጠበቁ። በመስኮቱ በኩል የካዛንቺስ የግንባታ ጩኸት ይገባል፤ ታች አስፋልቱ ላይ አንድ የታክሲ ረዳት «ለገሃር! ለገሃር!» ይላል። በኢዘዲን ግራ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሰማያዊ ነጥብ በራ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ በቀኙም፣ በግራውም፣ ብዙ።

«ያምራል» አለ።

ዶክተሯ ዞረው አዩት። «አባታችሁ በምን ነው የሞቱት?»

«ግፊት ነው ያሉን። ሱቅ ውስጥ እንደቆመ ነው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ።»

«የእህትህ ኩላሊት በምን እንደተጎዳስ ነገሯችሁ?»

«ደክሟል ነው ያሉት። በቃ፣ ሲደርሱበት አንዴ ደክሞ ነበር።»

ዶክተሯ ሌላ ምስል ከፈቱ። ሀምዲያም ለቀዶ ጥገናው ዝግጅት ዛሬ ከሱ ቀድማ ሲቲ ስካን ተነሥታለች፤ ምስሏን ገና ማንም አላየውም። ጎን ለጎን አደረጓቸው። የእሷማ ጭራሽ ኩላሊት አይመስልም። ሆዷን የሞሉ ሁለት የወይን ዘለላዎች ናቸው፤ በየፍሬው መሐል የቀረው ሥጋ እንደ ክር ቀጥኗል።

ኢዘዲን የእሷን አየ። ከዚያ የራሱን ሰማያዊ ነጥቦች አየ።

«አንድ በሽታ ነው?»

«አንድ ነው። በዘር የሚተላለፍ ነው፤ ከአባታችሁ ሳይሆን አይቀርም። ያንተ ገና ጅምር ነው።»

«አልትራሳውንድ ላይ ንጹህ ነህ ብለውኝ ነበር እኮ!»

«በጣም ትንንሾቹን የውሃ ከረጢቶች ሊስታቸው ይችላል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መስጠት አትችልም ወንድሜ። ሁለቱም ለራስህ ያስፈልጉሃል።»

«እንደሷ እስክሆን ስንት ጊዜ አለኝ?»

«እሱን ኮምፒውተሩም አይነግረንም። ግፊትህን ከተቆጣጠርክ ረጅም ዓመት ሊያቆይህ ይችላል።» ወደሱ ዞሩ። «ልጅ አለህ?»

«ሪሐና። ገና መዳህ መጀመሯ ነው።»

ዶክተሯ ዓይናቸውን ወደ ስክሪኑ መለሱ። «ለሷ በዚህ ዕድሜዋ አሁን የሚደረግ ነገር የለም። ሌሎች ወንድሞችና እህቶች ካሏችሁ ግን ቶሎ መታየት አለባቸው። ለእህትህ እኔ ልንገራት?»

«አይሆንም» አለ ኢዘዲን። «እኔ እነግራታለሁ።»

በሩን ሲከፍት ሀምዲያ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። ፊቷ ጠቁሯል፤ ሻርፗን ግን አሳምራ ነበር የጠመጠመችው።

«ተስማማ?»

ከበሩ እስኪደርስ ውሸት አዘጋጅቶ ነበር፤ ደም ሥሩ አይመችም አሉ፣ ሊላት። አፉ ውስጥ ጠፋበት።

«ሀምዲ...»

ሀምዲያ ፊቱን አየችው። «ፈራህ» አለች።

ኢዘዲን ወለሉን አየ። «አዎ። ፈራሁ።»

ትቆጣኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠችና በእጅጌው ስባ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«እኔም ብሆን እፈራለሁ፤ ወላሂ። ሚስት አለህ፣ ልጅ አለህ። እንደውም አንተን አንድ ነገር ያደርጉብኛል እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። በቃ፣ አታልቅስ። ማሙሽ አለ አይደል? "ኢዜ ካልሆነ እኔ አለሁ" ብሎኛል። ሕፃን መሰለህ እንጂ ታናሽህ ካንተ ይጎብዛል።» ልታስቀው ሞከረች።

ኢዘዲን ማሙሽም መታየት እንዳለበት ሊነግራት አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

ሀምዲያ ክንዷን ጭኑ ላይ ጣል አደረገች። ለእጥበቱ ሲሉ ሐኪሞች ሁለት ደም ሥሮቿን ያገናኙበት ቦታ አብጧል፤ ከቆዳዋ ሥር ደሙ እንደታፈነ ንብ ጥዝዝ ይላል። ኢዘዲን መዳፉን አሳረፈበትና ቆየ። ከዚያ እጁን ወደራሱ ክንድ ወስዶ እዚያው ቦታ ላይ ዳሰሰ። ጸጥ ብሏል።