ምስሉ ያልተቀበለው ግጥም

“ለዘፈን ጉዞ ሞተር የሚከለከልበት ቀን ይመጣል” ሲባል በልጅነቴ ደሴ መናኸሪያ ሰምቻለሁ። ማን እንዳለው ጠፍቶኛል፤ የሰሙት ሰዎች መሳቃቸውን ግን አስታውሳለሁ።

ይኸው ሕጉ ወጣ፤ ዘፋኝ ለዘፈን በመኪና መጓዝ ተከለከለና አዝማሪ የሚመጣልን በብርሃን ምስል ብቻ ሆነ። “ከጎንደር በቀጥታ ነው” ይላል ባለ አዳራሹ ታፈሰ።

ትናንት እህቴ አየሁሽ እንደ ወጉ ለአዝማሪዋ ለትርንጎ ግጥም ሰጠች፤ ለሟች ልጇ እንድታዜምላት።

“ጎጆውን ጀምሮ፣ ሣር ሳይከድነው፣
ልጄን የጠራብኝ የቱ አገር ነው?”

የትርንጎ ምስል ግን ግጥሙን ሳትቀበል፣ ፈገግ ብላ የጀመረችውን ዘፈን ቀጠለች።

“ሰምታሻለች” አላት ታፈሰ።

“አንተ፣ እግዜርን ፍራ! ባለፈው ቅዳሜም እዚሁ የዘፈኑ ስንኝ ላይ ነው ፈገግ ያለችው” አልኩት።

አንገቱን ደፋ። “የተቀዳ ነው።”

ወዲያው ትርንጎ ዘንድ አስደወልነው፤ እህቴም ግጥሟን ደገመችላት።

“እናቴ፣ ይሄ በስልክ አይዜምም” አለች ትርንጎ። እህቴ ነይልኝ ስትላትም፣ ከጎንደር ደሴ በበቅሎ ለመምጣት ተስማማች።